ቅድመ ጫና (ፕሪሎድ)፦ የፊት እግር ሲታደስ የሚረሳው ልክ

«ፕሪሎድ» የሚለው ቃል በላንድክሩዘር የጥገና መጽሐፍ ውስጥ ስለ ፊት አክሰል በሚናገረው ምዕራፍ ደጋግሞ ይመጣል። በአማርኛ «ቅድመ ጫና» እንበለው። መኪናው ገና መሬት ሳይረግጥ፣ የሰውም የዕቃም ክብደት ሳያርፍበት፣ ኩሽኔታው በሚገጠምበት ሰዓት ሆን ተብሎ የሚሰጠው ልክ ያለው ጫና ማለት ነው። «ልክ ያለው» የሚለው ይሰመርበት።

ቃሉ ለአሶሳ ሰው ምን እንደሚፈይድ ለማየት አንድ ክረምት ይበቃል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ መንጌ፣ ወደ ሸርቆሌ ወይም ወደ ኩርሙክ የሚሄድ ሰው በአብዛኛው የሚተማመነው አራቱም ጎማው በሞተር በሚነዳ ፒክአፕ ነው። የመንግሥት ቢሮው፣ የስደተኛ ካምፑ የእርዳታ ሠራተኛ፣ የወርቅ ነጋዴው ሁሉ በእሱ ይንቀሳቀሳል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናቡ አይተውም። መኪናው ወንዝ ሲሻገር ውሃው የፊት አክሰሉን ይውጠዋል፤ በበጋ ደግሞ ቀዩ አቧራ ያገኘውን ፓራኦሊዮ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ፓራኦሊዮው ሲሞት የዲፈረንሻሉ ዘይት ከውስጡ ግራሶ ጋር ተቀላቅሎ ጥቁር መረቅ ይሆናል፣ በጎማው የውስጥ ጎን እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ያኔ ባለመኪናው የፊት እግሩን ማውረድ ግድ ይሆንበታል። ብዙ ሰው ይህን ሥራ እዚያው ግቢው ውስጥ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ያሠራዋል፤ ሞያው ያለውም ራሱ ይሠራዋል።

አንድ ጊዜ የወረደ እግር ታጥቦ፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ታዝዞ፣ በአዲስ ተተክቶ ከተዘጋ በኋላ በሁለተኛው ወር እንደገና ሲያንኳኳ ጥፋቱ በዕቃው ይላከካል። «ፎርጅድ ነው የሸጡልህ» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚያርፈው በዕቃው ላይ ሳይሆን ኩሽኔታው በተጠበቀበት መጠን ላይ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላንድክሩዘር 70 በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ያለው ፒክአፕ ከፊት ድፍን አክሰል አለው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው 79ኙ ከፊት ባሌስትራውን በሞላ ቢተካም አክሰሉ ያው ድፍን ሆኖ ቀርቷል። በአክሰሉ ጫፍ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት፣ መካኒኮች ናክል የሚሉት ክፍል አለ። ናክሉ ከላይና ከታች በሁለት ትንንሽ ኩሽኔታዎች መካከል ይዞራል። ቸርኬው የሚታሰርበት ሞዞም በበኩሉ በሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ይሽከረከራል። ስለዚህ በአንድ ጎን አራት፣ በሁለቱም ጎን ስምንት ኩሽኔታ አለ ማለት ነው፤ ስምንቱም ቅድመ ጫና ይፈልጋሉ።

የሚፈልጉትም ሮለሮቻቸው ወደ አንድ ወገን ሾጠጥ ያሉ ስለሆኑ ነው። ይህን ዓይነት ኩሽኔታ በ1898 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በስሙ ያስመዘገበው ሄንሪ ቲምከን የሠረገላ ሠሪ ነበር። ከባድ ጭነት የያዘ ሠረገላ በኩርባ ላይ ሲዞር መንኮራኩሩን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ያስቸግረው ስለነበር፣ ከላይ የሚመጣውንም ከጎን የሚመጣውንም ጫና በአንድ ላይ የሚችል ነገር ፈለገ። ሾጣጣው ሮለር ይህን ቻለ፤ ዕዳም አብሮ አመጣ። ውስጠኛውና ውጨኛው ቀለበት ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚቀመጡ የሚወስነው የሚያጠብቀው ሰው እጅ ነው። ከላላ ክብደቱን በአንድ በኩል ያሉት ጥቂት ሮለሮች ብቻ ይሸከሙታል፣ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ይንኳኳሉ፤ ቀለበቱ ይቦረቦራል። ከጠበቀ ደግሞ ይግላል፣ ግራሶው ቀልጦ ይፈሳል፣ በመጨረሻም ብረት ከብረት ይጣበቃል። በሁለቱ መካከል ሁሉም ሮለሮች እኩል የሚሸከሙባት ጠባብ ልክ አለች።

አህያ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። መጫኛው ከላላ ጭነቱ እየተንሸራተተ ጀርባዋን ይገጥባል፤ ከመጠን በላይ ከተሳበ ሆዷን ሰርስሮ ትንፋሽ ይከለክላታል። ልኩን የሚያውቀው ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የሳበው ሰው ነው።

ስለ ትርጉሙ ጥቂት ልበል። ቃል በቃል «ቅድመ ጭነት» ቢባል የሚያስኬድ ይመስላል፤ ነገር ግን ይህን የጉምሩክና የንግድ ሰዎች ዕቃ መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ለሚደረግ ምርመራ ይዘውታል። «ቅድመ ጥብቀት» ያሉም አሉ። ይኼ ግን አእምሮን ወደ ዳዶው ይወስዳል፤ ዳዶው ምን ያህል ጠበቀ የሚለውና ኩሽኔታው ምን ያህል ተጫነ የሚለው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዳዶው በዝገት ይዞ «ጠበቀ» ሊያሰኝ ይችላል፣ ኩሽኔታው ግን ገና ባዶ ነው። ድልድይ የሚሠሩ መሐንዲሶች ሽቦው አስቀድሞ ለተወጠረ ኮንክሪት የሚሉት ቅድመ ውጥረትም የቅርብ ዘመዱ እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። ቅድመ ሁኔታና ቅድመ ክፍያ ለጆሮ እንግዳ ካልሆኑ ቅድመ ጫናም አይሆንም።

ወደ ግቢው እንመለስ። ከሞዞው ጀምሩ። መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ከሥሩ አይገባም፤ ጠንካራ መቆሚያ ይደገፍበት፣ የኋላ ጎማውም ይታገድ። ኩሽኔታውን በናፍጣ አጥባችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ቀለበቱን በፀሐይ ተመልከቱ፤ ጥፍር የሚይዝ ቀዳዳ ካለበት ሮለሩም ቀለበቱም አብረው ይቀየራሉ። አሮጌ ቀለበት ላይ አዲስ ሮለር ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው። ግራሶውን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ በአንድ ወገን እየገፋችሁ በሌላው ወገን በሮለሮቹ መካከል ብቅ እስኪል ሙሉት። ከዚያ የማስተካከያውን ዳዶ እስከ 60 ኒውተን ሜትር ገደማ አጥብቁ፣ ሞዞውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ደጋግማችሁ አዙሩት፣ በእጅ እስኪዞር ድረስ አላሉት፣ እንደገና በቀስታ አጥብቁት። የማዞሩ ነገር እንዳይዘለል፤ ሮለሮቹ ቦታቸውን የሚይዙት ያኔ ነው።

አሁን መለካት። ብዙ መካኒክ እዚህ ላይ «እጄ ያውቀዋል» ይላል። የአርባ ዓመት እጅ በእርግጥ ያውቃል፤ የልጁ እጅ ግን ገና አያውቅም፤ ጋሼም ልኩን በቁጥር ስለማይነግሩት ለማወቅ ስንት ኩሽኔታ እንደሚያቃጥል እንጃ። የሚያስፈልገው በየገበያው የሚገኝ የመንጠቆ ሚዛን ብቻ ነው። መንጠቆውን በአንዱ የጎማ ቡሎን ላይ አድርጋችሁ ሞዞው በሚዞርበት አቅጣጫ ሳቡትና መንቀሳቀስ በጀመረባት ቅጽበት ሚዛኑ የሚያሳየውን አንብቡ። ድፍን አክሰል ባላቸው ብዙ ቶዮታዎች ከ3 እስከ 6 ኪሎ ባለው ውስጥ መሆን አለበት፤ ትክክለኛው ቁጥር በየሞዴሉ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ወርቅ በግራም ክፋይ በሚመዘንበት አገር የመኪና እግር በግምት መዘጋቱ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የናክሉ ትንሽ ይለያል፣ ይበልጥ የሚረሳውም እሱ ነው። እዚያ ልኩን የሚወስኑት ከክዳኖቹ ሥር የሚገቡ ስስ ስፔሰሮች ናቸው። ስፔሰር ሲቀነስ ጫናው ይጨምራል፣ ሲጨመር ጫናው ይቀንሳል። ሲፈታ የግራውና የቀኙ፣ የላዩና የታቹ እንዳይደባለቅ ለየብቻ አስቀምጡ፤ ወረቀት የሚያህል ውፍረት ስላላቸው ከቆሻሻ ግራሶ ጋር ተጠርገው ሲጣሉ አይቻለሁ። የሚለካውም የውስጥ ዘንጉ፣ ፓራኦሊዮውና የመሪው ቴስቲና ከመገጠማቸው በፊት ነው፤ አለበለዚያ ሚዛኑ የእነሱንም ግጭት ጨምሮ ይነግራችኋል። መንጠቆውን ቴስቲናው በሚገባበት ቀዳዳ አስገብታችሁ ከናክሉ ክንድ ጋር በቀጥተኛ ማዕዘን ሳቡ።

የናክል ቅድመ ጫና የጠፋበት መኪና ይታወቃል። አስፋልት ላይ ፈጠን ብሎ ሲሄድ አንዲት ጉድጓድ ከመታ መሪው ከእጅ እስኪያመልጥ ይንቀጠቀጣል፣ ፍጥነቱ ካልቀነሰም አያቆምም። የተለመደው መድኃኒት የመሪ ሾክ አብዞርበር መቀየር ነው። መንቀጥቀጡ ለጊዜው ይጠፋል፣ በሽታው ግን ተሸፈነ እንጂ አልዳነም። ጫናው ሲበዛ ደግሞ መሪው ይከብዳል፣ ከኩርባ በኋላም በራሱ ወደ መሐል አይመለስም።

ይህ ሁሉ ለሁሉም ፒክአፕ አይደለም። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመጣው የሃይሉክስ ትውልድ የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ የተንጠለጠሉ ናቸው፣ ኩሽኔታውም ቅድመ ጫናው ከፋብሪካ ተወስኖለት ታሽጎ የሚመጣ ነው። እዚያ ዳዶውን በታዘዘው ልክ ከማጥበቅ በቀር የሚስተካከል ነገር የለም፤ ካረጀ አውጥቶ በአዲስ መተካት ነው።

ሥራው አልቆ ጎማው ከታሰረ በኋላ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን የባምባሲን መንገድ ፍሬን ሳታበዙ ንዱና የሁለቱንም ጎን ሞዞ በእጃችሁ ንኩ። ለብ ካለ ደህና ነው። አንዱ ከሌላው ይልቅ ከጋለ ወይም እጅ የማያስነካ ከሆነ ቅድመ ጫናው በዝቷልና ከመመለሳችሁ በፊት ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቁ፣ አሶሳ ስትገቡ ክፈቱትና እንደገና ለኩት። ያገኛችሁትን ኪሎም ከቀኑ ጋር በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉት፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ይፈልገዋል።