ጠመንጃ ሠሪ የሚከሰስበትና የማይከሰስበት ሕግ

በሰው እጅ ስለ ጠፋ ሕይወት ገዳዩ በሕግ እንደሚጠየቅ የታወቀ ነው። የተገደለበትን መሣሪያ የሠራውና የሸጠውስ ይጠየቃልን? በአሜሪካ አገር ይህ ጥያቄ ከንቲባዎችን፥ ሕግ አውጭዎችንና ዳኞችን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1998 ዓ.ም. መገባደጃ የኒው ኦርሊንስና የቺካጎ ከተሞች ጠመንጃ ሠሪዎችን ፍርድ ቤት አቆሙ፤ ሌሎችም ብዙ ከተሞች ተከተሏቸው። ለቁስለኛ ማሳከሚያና ለፖሊስ የሚወጣው ገንዘብ ከአትራፊው ኪስ ይካካስ ማለታቸው ነበር። ሠሪዎቹም በበኩላቸው፥ ሕግ የፈቀደውን ዕቃ ሸጠን የወንጀለኛውን ዕዳ ለምን እንከፍላለን፥ ክሱን ብናሸንፍ እንኳ የጠበቃው ወጪ ያከስረናል ብለው ተከራከሩ። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም፤ አንጥረኛ ለሠራው ቢላዋ ሁሉ ዋስ ይሁን ቢባል የሚሠራ አይገኝም።

ዳሩ ግን በ2002 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ሁለት ሰዎች በዋሽንግተን አካባቢ እያደፈጡ ዐሥር ሰዎች በገደሉ ጊዜ፥ ጠመንጃው በታኮማ ከሚገኝ አንድ ሱቅ የወጣ ሆኖ ተገኘ። ባለሱቁ እንዴት እንደ ወጣ ሊያስረዳ አልቻለም፤ መዝገቡ ሲመረመርም ከ200 የሚበልጥ መሣሪያ የደረሰበት አልታወቀም። ቢላዋውን በሠራ አንጥረኛና ሱቁን ክፍት ትቶ በሚተኛ ነጋዴ መካከል ልዩነት አለ። የሟቾች ቤተሰቦችና ከጥይቱ የተረፉት በ2004 ዓ.ም. ከሱቁና ከሠሪው ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ያህል በስምምነት ተቀበሉ።

በዓመቱ ሕጉ ወጣ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ65 ድምፅ ለ31፥ የእንደራሴዎቹም ምክር ቤት በ283 ለ144 ካሳለፉት በኋላ፥ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ኦክቶበር 26 ቀን 2005 ዓ.ም. ፈረሙበት። በዚህ ሕግ መሠረት ሌላ ሰው በመሣሪያው ወንጀል ቢሠራበት፥ ሠሪውና ሻጩ በፌዴራልም ሆነ በግዛት ፍርድ ቤት ለካሣ አይከሰሱም፤ የተጀመረውም ክስ እንዲዘጋ ታዘዘ። ሆኖም ዕቃው የአሠራር ጉድለት ቢኖረው፥ ሻጩ አደገኛነቱን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ለአደገኛ ሰው ቢሰጥ፥ ወይም የመሣሪያን ሽያጭና ማስታወቂያ የሚመለከት ሕግ እያወቀ ቢጥስ ክሱ ይሰማል።

«የሚመለከት» የምትለው አንዲት ቃል ብዙ ሙግት ወልዳለች። የኒው ዮርክ ከተማ ሠሪዎቹ የሕዝብን ደኅንነት አውከዋል ብትል፥ የይግባኙ ችሎት በ2008 ዓ.ም. ይህ ጠቅላላ ሕግ እንጂ መሣሪያን የሚመለከት አይደለም ሲል መለሳት። በኮሎራዶ በ2012 ዓ.ም. በሲኒማ ቤት ልጃቸው የተገደለችባቸው ወላጆች ጥይት ሻጮችን ቢከሱ፥ ክሳቸው ተሰርዞ፥ በግዛቲቱ ሕግ ለተከሳሾቹ የጠበቃ ወጪ ከ200,000 ዶላር በላይ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። ልጅን ቀብሮ ኪሣራ መክፈል እንዴት ይከብድ! ኮሎራዶ ያንን ሕግ በ2023 ዓ.ም. ሽራዋለች። የሜክሲኮ መንግሥት ያቀረበውንም ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2025 ዓ.ም. በዘጠኙም ዳኞች ድምፅ አልተቀበለውም።

ከሁሉ ተለይቶ የሚታየው የኒውታውን ጉዳይ ነው። ዲሴምበር 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ተገደሉ። የዘጠኝ ሟቾች ቤተሰቦች ሬሚንግተን በተባለው ኩባንያ ላይ ያቀረቡት ክርክር በመጨረሻ ያረፈው በማስታወቂያው ላይ ነበር፤ ለጦር ሜዳ የሚስማማውን መሣሪያ በጀብድ ቃል አስጊጦ ለተራው ሰው አቀረበ አሉ። የኮኔቲከት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ዓ.ም. በአራት ድምፅ ለሦስት፥ የግዛቲቱ የንግድ ሕግ የመሣሪያን ማስታወቂያም ስለሚገዛ ክሱ ይሰማ ብሎ ወሰነ። ኩባንያው ግን ከሥሮ ነበርና፥ በ2022 ዓ.ም. መድን ሰጪዎቹ 73 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማምተው ጉዳዩ ተዘጋ። ማስታወቂያው ገዳዩን ገፋፍቶት እንደ ሆነ በችሎት ሳይመረመር ቀረ።