ገዢው ዋጋ ሲጠራ፦ የአስቤዛ ጨረታ ታሪክ

ጨረታ፣ ማለትም የአንድ ዕቃ ዋጋ አስቀድሞ ሳይቆረጥ በገዢዎች ፉክክር የሚወሰንበት የግብይት ሥርዓት፣ ለምግብ ሸቀጥ እንግዳ አይደለም። በሰሜን ኔዘርላንድ በምትገኘው በብሩክ ኦፕ ላንገዳይክ አትክልት አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1887 ምርታቸውን በጨረታ መሸጥ የጀመሩ ሲሆን፣ የደች ጨረታ በሚባለው በዚህ አሠራር ዋጋው ከፍ ብሎ ተጠርቶ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ቀድሞ ያስቆመው ነጋዴም ዕቃውን ይወስዳል። ሥርዓቱ የሠመረው አትክልት ሳይውል ሳያድር መሸጥ ስላለበትና ገዢዎቹ በጅምላ የሚወስዱ ነጋዴዎች በመሆናቸው ለጨረታው የሚጠፋው ጊዜ በብዙ ምርት ላይ ስለሚከፋፈል ነው።

ጨረታን ወደ ቤተሰብ አስቤዛ ለማውረድ ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ የተካሄደው ነው። ጄይ ዎከር የመሠረተው ፕራይስላይን የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 መንገደኛው የአውሮፕላን ቲኬቱን ዋጋ ራሱ የሚጠራበትን አገልግሎት በኢንተርኔት ጀመረ፤ አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ባዶ ወንበር ሳንቲም ስለማያስገኝ አየር መንገዶች ዝቅተኛውን ዋጋ ለመቀበል በቂ ምክንያት ነበራቸው። በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ ላይ ዌብሀውስ ክለብ የተባለ ተጓዳኝ ኩባንያ ይህንኑ ዘዴ በኒውዮርክና በአካባቢዋ ለአስቤዛ አዋለው። ሸማቹ የሚፈልገውን የሸቀጥ ዓይነትና ሊቀበላቸው የፈቀዳቸውን የንግድ ምልክቶች መርጦ ዋጋ ይጠራል፤ ያቀረበው ዋጋ ተቀባይነት ካገኘ ሒሳቡን በክሬዲት ካርድ ይከፍላል፤ ከዚያም ዝርዝሩን አትሞ ሱፐርማርኬት ድረስ በመሄድ ዕቃውን ራሱ ከመደርደሪያ ያነሣል።

ሱፐርማርኬቱ የተለመደውን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ስለሚቀበል፣ የቅናሹን ልዩነት አምራቾች ይሸፍናሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ ያልተሸጠ ፓስታ ወይም ሳሙና ነገ በሙሉ ዋጋው ሊሸጥ ስለሚችል፣ ብዙዎቹ ታላላቅ አምራቾች የምርታቸውን ዋጋ በገዛ እጃቸው ለማርከስ አልፈቀዱም። ኩባንያው በዚህ ምክንያት ቅናሹን ከባለሀብቶች ባሰባሰበው ካፒታል ለመደጎም የተገደደ ሲሆን፣ ደንበኛ በበዛ ቁጥር ወጪውም እየናረ ሄዶ፣ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሰሰበት በኋላ ዓመት እንኳ ሳይሞላው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2000 ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ።

የሸማቹ ድካምም ከዚህ ተነጥሎ አይታይም፤ በጥቂት ሳንቲም ለሚለያዩ ሸቀጦች በየተራ ዋጋ መጥራት፣ የመረጠውን ምልክት መተውና በመጨረሻም ገበያ መውጣት ከሚተርፈው ገንዘብ የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። የኔዘርላንዱ አትክልትና የአየር መንገዱ ወንበር የሚያመሳስላቸው ሻጩን የሚያስቸኩል ምክንያት መኖሩ ሲሆን፣ ይህ ምክንያት ለአብዛኛው የመደርደሪያ ሸቀጥ የለም። ሻጩ የማይቸኩልበትና ገዢው በችርቻሮ የሚወስድበት ጨረታ ዋጋን በእውነት አይቀንስም፤ ወጪውን ለጊዜው ወደ ሌላ ሰው ኪስ ያዛውራል እንጂ። ኑሮ የከበደበት ቤተሰብ የመግዛት አቅሙ የሚጎለብተው ለእያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ዋጋ በመጥራት ሳይሆን፣ በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንደሚደረገው፣ ፍላጎቱን ከሌሎች ጋር አስተባብሮ በጅምላ ሲገዛ ነው።