ቤቴል፦ ከአንጥረኛ ቤት የተነሣችው ቤተ ክርስቲያን እና የይዞታዋ ክርክር

በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ፣ ስድስተኛው ጎዳና ከሎምባርድ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ቤቴል የምትባል የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ቦታውን ሪቻርድ አለን የገዛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1791 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከጥቁር አሜሪካውያን እጅ ወጥቶ አያውቅም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

አለን በ1760 በባርነት ተወለደ፤ በዴላዌር በአንድ ባለ እርሻ ቤትም ኖረ። የሜቶዲስት ሰባኪዎችን ትምህርት ከተቀበለ በኋላ እርሱና ወንድሙ የእርሻውን ሥራ ከወትሮው አብልጠው ይተጉበት ጀመር፤ ሃይማኖት ባሪያን ያሰንፋል የሚለው የጎረቤት ሐሜት እንዳይረታቸው ነበር። ኋላ ጌታው ራሱ ስብከቱን ሰምቶ ባርነት ትክክል አለመሆኑን አመነ፤ ነፃነቱን ግን ያለ ዋጋ አልሰጠውም። አለን እንጨት እየፈለጠ፣ በጡብ ማምረቻ እየሠራ፣ ጨው በጋሪ እያመላለሰ ከፈለ።

በፊላደልፊያ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይሰብክ ነበር። ጥቁር ምእመናን ሲበዙ ግን የሚቀመጡበት ይለይ ጀመር። አንድ ቀን ተንበርክከው ሲጸልዩ አስተናባሪዎቹ አብሳሎም ጆንስን ተነሥ ብለው ጎተቱት፤ ጸሎቱ እስኪያበቃ እንኳ አልታገሡትም። ጥቁሮቹ በአንድነት ወጥተው ሄዱ።

አለን አሮጌ የአንጥረኛ ቤት ገዝቶ በራሱ ጋማ ከብቶች አስጎትቶ በቦታው ላይ አቆመው። አናጺዎች አደሱት፤ በጁላይ 1794 ቢሾፕ ፍራንሲስ አስበሪ መርቀው ከፈቱት።

መዘዙ የመጣው ከወረቀቱ ነው። በ1796 የማኅበሩን ሰነድ ያዘጋጀላቸው አንድ ነጭ የሜቶዲስት አገልጋይ ሲሆን፣ ምእመናኑ የራሳቸውን ቤት ያስመዘገቡ ሲመስላቸው ሰነዱ ንብረቱን በሜቶዲስት ጉባኤው ሥር አዋለው። ይህን የተረዱት ከዓመታት በኋላ ነበር። በ1807 በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሰነዱን አሻሻሉ፤ ክርክሩ ግን አልበረደም። በ1815 ሕንፃው ለጨረታ ቀረበ። ጫማ እየሰፋና የጭስ መውጫ እየጠረገ ጥሪት ያፈራው አለን፣ በገዛ መሬቱ ላይ የቆመውን ቤት በ10 ሺህ 125 ዶላር ተጫርቶ አስቀረ። ይህም ሆኖ የነጮቹ አገልጋይ በቤቴል የመስበክ መብት ይገባኛል ብሎ ከሰሰ። የፔንሲልቬኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1816 መባቻ አቤቱታውን ውድቅ አደረገ።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል ከአካባቢው ግዛቶች የመጡ ጥቁር ጉባኤዎች ተሰብስበው የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ፤ አለንም የመጀመሪያው ቢሾፕ ሆነ። በጃንዋሪ 1817 ደግሞ ነፃ ጥቁሮችን ወደ አፍሪካ ለማስፈር የወጣውን ዕቅድ 3 ሺህ ያህል ሰዎች በቤቴል ተሰብስበው ተቃወሙ።

አሁን በቦታው የሚታየው በ1890 ገደማ የተጠናቀቀው አራተኛው ሕንፃ ነው። በ1831 ያረፈው አለንና ባለቤቱ ሣራ ከሥሩ ተቀብረዋል።