ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ

ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ወይም በሜካኒካል ምህንድስና የተመረቀ ወጣት፣ ከርቀት የሚመራ የውኃ ውስጥ ተሽከርካሪ ነጂ ልሆን ነው ቢል ሰሚው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ቅርብ የሚባለው ባሕር ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲ ነው። ወጣቱ ከቆረጠ በኋላ የሚጠይቀውም ይታወቃል፤ የትኛው ትምህርት ቤት ጥልቅ ባሕር አጠገብ ነው? የማን ማሽን አዲስ ነው? ክፍያው ስንት ነው? ጥያቄዎቹ ከንቱ አይደሉም፣ ግን ቀዳሚ መሆን አልነበረባቸውም። ከቢሾፍቱ እስከ መተሐራ ባለው የስምጥ ሸለቆ መስመር ላለፉት ሰባና ሰማንያ ዓመታት ሙያ እንዴት እንደ ተተከለ የተመለከተ ሰው፣ የአንድን ማሠልጠኛ ዕድል የወሰነው ከበሩ ማዶ ቆሞ ተመራቂውን የሚቀበለው አካል መሆኑን ያያል። ማስረጃውን አቀርባለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ሙያው። በ1966 በደቡብ ስፔን ፓሎማሬስ በተባለች መንደር ሰማይ ላይ ሁለት የአሜሪካ ጦር አውሮፕላኖች ተጋጭተው አንድ የሃይድሮጅን ቦምብ ባሕር ገባ። ወደ 870 ሜትር ከሚጠጋ ጥልቀት ያወጣው ከርቭ የተባለ፣ ከመርከብ ላይ በኬብል የሚመራ የባሕር ኃይል መሣሪያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነዳጅና ጋዝ አውጪዎች ጠላቂ ሰው የማይደርስበትን ቧንቧና ቫልቭ ለማየትና ለመጠገን መሣሪያውን የዕለት ሥራቸው አደረጉት። ሰው በፊልም የሚያየው ስክሪን ፊት ተቀምጦ ጆይስቲክ የሚያንቀሳቅሰውን ነው። በመርከቡ ላይ ግን የሥራው መጠሪያ ፓይለት ቴክኒሽያን ነው፤ ከማውረዱ በፊትና ካወጣ በኋላ የሃይድሮሊክ ፓምፑን፣ የፋይበር ኦፕቲክ መስመሩን፣ ጨው የበላውን ማገናኛ የሚፈታውና የሚገጥመው ያው ሰው ነው። አሠሪዎች ከኤሌክትሪክ፣ ከኤሌክትሮኒክስና ከሃይድሮሊክ ሙያ የመጣን ሰው የሚመርጡት ለዚህ ነው። እናም የአዳማው ተመራቂ ከሚያስበው በላይ ለሥራው ቅርብ ነው፤ የቀረው ትክክለኛውን በር መምረጥ ነው።

ወደ እኛ መስመር እንመለስ። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ አዳማን፣ ሞጆንና ቢሾፍቱን የጣቢያ ከተሞች አደረጋቸው። ዋናው የጥገና ጋራዥ ድሬዳዋ ስለ ነበረ ግን የባቡር ሙያ ሥር የሰደደው እዚያ ነው፤ ባቡሩ በእነዚህ ጣቢያዎች ቆሞ ያልፍ ነበር፣ ሠራተኛ የሚፈልገው ግን ሌላ ቦታ ነበር። በአዳማ ዙሪያ የፋብሪካ ሙያ በስፋት የመጣው ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጋር ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የደች ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ያካበተውን የስኳር ልምድ ይዞ መጣ፣ በ1951 ከመንግሥት ጋር ተዋዋለ፣ በ1954 ማምረት ጀመረ። የሸዋ ፋብሪካ በ1962 ተከተለው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ መተሐራ። ከጣሊያን በተከፈለ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብም በ1960 ተመርቆ ነበር። በያጁ፣ የቶርኖ ሠራተኛው፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሙያውን ያወቀው ማሽኑ ሲሰበር አጠገቡ ቆሞ ነው። ትምህርት ቤት የሚል ታፔላ ያልተሰቀለበት ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል፤ ተቀባዩም አሠልጣኙም አንድ ግቢ ውስጥ ስለ ነበሩ ሙያው ሳይባክን ቀረ።

ለክርክሬ ዋናውን ማስረጃ የምትሰጠው ግን ቢሾፍቱ ናት፤ ያኔ ደብረ ዘይት። በ1940ዎቹ አጋማሽ የስዊድኑ ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ከአገሩ ልጆች ጋር መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይልና የበረራ ትምህርት ቤቱን እዚያ አደራጀ። ሠልጣኙ በሳፊር መለማመጃ አውሮፕላን ይጀምር ነበር። ቀጥሎ አሜሪካኖች መጡ፤ በ1960 ኤፍ-86 ጄቶች ገቡ፣ ኋላም ኤፍ-5። ከ1977 በኋላ ደግሞ ተራው የሶቪየት ሆነ፣ ሚግ መጣ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አስተማሪው፣ መመሪያው የተጻፈበት ቋንቋ፣ የማሽኑ ዓይነት፣ የመለዋወጫው ምንጭ፣ መንግሥቱ ሳይቀር ተለወጠ። በተለመደው ሚዛን ይህን ያህል የተናጋ ትምህርት ቤት መፍረስ ነበረበት። አልፈረሰም፤ ተመራቂውን በማግስቱ ሥራ ላይ የሚያሰማራው አየር ኃይል እዚያው፣ በዚያው ሜዳ ላይ ነበርና። ክፉኛ የተናጋው በ1991 ነው፤ በዚያ ዓመት የተበተነው ሠራዊቱ ራሱ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በታኅሣሥ 1945 ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር ተቋቁሞ በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያውን በረራ አደረገ፤ በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሆኑ፣ በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ሰምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ። አሥራ አንድና ሃያ አምስት ዓመት መጠበቅ ረጅም ነው፣ ግን ሰው የሚያድግበት መሰላል ነበረ።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ፣ አየርና ባሕር ይለያያሉ፣ የባሕር ሙያ ያለ ባሕር አይሆንም የሚል ነው። የባሕር ኃይላችን ታሪክ ግን የሚመሰክረው በተቃራኒው ነው። በ1955 የተቋቋመው ባሕር ኃይል ምፅዋ ላይ ጦር ሰፈር፣ አስመራ ላይ ኮሌጅ ነበረው፤ የኖርዌይ መኮንኖች አሠልጥነውታል፤ ባሕሩም መርከቡም ከደጁ ነበር። በ1991 መርከቦቹ ቀይ ባሕርን አቋርጠው ወደ የመን ሸሹ፣ በ1996 ተቋሙ ተዘጋ፤ የሠለጠኑት ባሕረኞች ተበተኑ፣ ሙያው ተተኪ ሳያፈራ ቀረ። በሌላ በኩል በ1964 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት አገሪቱ ወደብ አልባ ከሆነች በኋላም መርከቦቹን ማንቀሳቀሱን አላቆመም፣ ዛሬም በተዋሐደ ስም ይሠራል። የባቦጋያ ማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚውም የሚገኘው እዚያው ቢሾፍቱ፣ ከባቦጋያ ሐይቅ ዳር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም ላይ የባሕር ትምህርት መስጠት የሚያስቅ ከሆነ፣ ጣና ዳር ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚም የሚያስቅ ነው። ሆኖም የዚያ አካዳሚ ምሩቃን፣ ብዙዎቹ አስቀድመው በምህንድስና ዲግሪ የያዙ ወጣቶች፣ በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ በመኮንንነት ይሠራሉ።

ይህ የሆነበት ምክንያት የአዳማውን ወጣት በቀጥታ ይመለከተዋል። የመርከበኞች ሥልጠናና ምስክር ወረቀት በ1978 በጸደቀ፣ በ1995ና በ2010 በተሻሻለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ይመራል። የማሪታይም ባለሥልጣኑ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሰጠው ወረቀት ሲንጋፖር ላይ የሚነበበው ለዚህ ነው። ለውኃ ውስጥ ተሽከርካሪ ነጂ እንዲህ ያለ መንግሥታት የፈረሙት ስምምነት የለም። ኢምካ የተባለው የባሕር ሥራ ተቋራጮች ዓለም አቀፍ ማኅበር የብቃት መመሪያ ያወጣል፤ የነጂ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶችን ግን አያጸድቅም። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ የማኅበሩን ስም በትልቁ የጻፈ ትምህርት ቤት መመሪያውን እከተላለሁ ማለቱ ነው እንጂ ፈቃድ አግኝቻለሁ ማለቱ ሊሆን አይችልም። በአገራችን ሲኦሲ የተባለው የብቃት ማረጋገጫ ሳይያዝ የሙያ ሥራ አይገኝም ብሎ ያደገ ወጣት እዚህ ላይ ቢታለል አይፈረድበትም። ወረቀቱ በራሱ የማይናገር ከሆነ የሚናገርለት ያለፈውን ዙር ተመራቂዎች የቀጠረው ኩባንያ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም እሱ ነው፤ ቀጥሎ ሠልጣኙ በሲሙሌተር ሳይሆን በእውነተኛ ማሽን ውኃ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚያሳልፍ፣ ፓምፕና ኬብል በእጁ ይፈታ እንደሆነ፣ የባሕር ላይ ሕይወት አድን ሥልጠናና የጤና ምርመራው በክፍያው ውስጥ ይካተቱ እንደሆነ። ደላላ ከመሐል ከገባ ደግሞ ይህ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ትምህርትን ከአሠሪ ጋር ማሰር ሠልጣኙን የአንድ ጌታ ሎሌ ያደርገዋል ይላል። ከፊሉ እውነት ነው። ወንጂ ላይ የላይኛው ወንበር ለረጅም ጊዜ የውጭ ሰው ነበር። ነጻ የሆነ፣ ሰፊ ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ያስፈልጋል የሚሉ ሰዎችም አዳማን ይጠቅሳሉ፤ በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተከፈተው ግቢ የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ሆነ፣ በ2006 ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ። ግን ይህም ለእኔ ይመሰክራል፤ መንግሥት የቴክኒክና ሙያ መምህር ሲፈልግ መምህር አፈራ፣ መሐንዲስ ሲፈልግ ወደ መሐንዲስ ዞረ። ተቀባይ የሌለው ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ተቀባዩ ስሙን ስላልጻፈ ብቻ አልታየም። የአንድ ጌታ አደጋ ግን በባዶ ሜዳ የተፈራ አይደለም። በስኮትላንድ ፎርት ዊልያም ከተማ ለአሥርተ ዓመታት ጠላቂዎችንና የተሽከርካሪ ነጂዎችን ያሠለጠነው ስመ ጥር ማዕከል፣ ከ2014 ወዲህ የነዳጅ ዋጋ ወድቆ ኩባንያዎች ቅጥር ሲቀንሱ ቆይቶ በ2019 በሩን ዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው ኋላ ነው። ውኃው እዚያው ነበር፣ ማሽኑም እዚያው ነበር። ስለዚህ ምሩቃኑ ለነዳጅ ብቻ ሳይሆን ለባሕር ላይ የነፋስ ኃይል፣ ለኢንተርኔት ኬብልና ለግድብ ምርመራም የሚፈለጉበት ትምህርት ቤት ቢወደድም ይሻላል።

አንዳንዱ ደግሞ ወጣቱ ለምን ይሰደዳል፣ ትምህርት ቤቱን እዚሁ እንክፈት ይላል። ሻላ ሐይቅ 266 ሜትር ይጠልቃል፣ የቢሾፍቱ ሐይቅም ወደ 87 ሜትር፤ ለመለማመጃ ከበቂ በላይ ነው። የሐይቆቹን ጥልቀት እየጠቀሱ ሕንፃ መንደፍ ግን ከምፅዋ ምንም አለመማር ነው። በአካባቢው እውነተኛ ሥራ ያለው ሐይቁ ላይ ሳይሆን ግድቡ ላይ ነው። ቆቃ ከስልሳ ዓመት በላይ አገልግሏል፣ ደለል ብዙ ቦታውን ወስዶበታል፤ ውኃው ድፍርስ ስለ ሆነ ካሜራ ብቻውን አይበቃም፣ ሶናር የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። ከሥሩ አዋሽ ሁለትና ሦስት አሉ፤ በሌሎቹ ተፋሰሶች ደግሞ ከእነዚህ እጅግ የሚበልጡ ግድቦች ተሠርተዋል። የእነዚህን በሮችና መግቢያዎች በየጊዜው በውኃ ውስጥ ተሽከርካሪ የማስመርመር የብዙ ዓመት ውል ከኤሌክትሪክ ኃይል ከተገኘ፣ ማሠልጠኛው ባቦጋያ ይሁን አዳማ ግቢ ውስጥ የአስተዳደር ጉዳይ ይሆናል። ውሉ እስኪፈረም ድረስ ግን ወጣቱ ቁጠባውን ይዞ ውጭ አገር ያለውን በር ቢያንኳኳ ልክ ነው።