የተጫዋች አድማና የክለብ አድማ
በኢትዮጵያ እግር ኳስ ስለ ደመወዝ ጣሪያ

አድማ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። በአንድ ወገን ሠራተኛ ስለ ደመወዙ ወይም ስለ መብቱ ሥራ ማቆሙ ነው፤ በሌላ ወገን ደግሞ፥ ይኸውም ጥንታዊው ፍች ነው፥ ሰዎች ውስጥ ለውስጥ ተማክረው በሌላ ሰው ላይ መተባበራቸው ነው። ስለ ኳስ ተጫዋቾች ሲነገር ግን የመጀመሪያው ብቻ ይጠቀሳል። ደመወዛችን ካልተከፈለን ልምምድ አንሠራም ያሉ ተጫዋቾች «አደሙ» ይባላሉ፤ ክለቦች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ከዚህ ዋጋ በላይ ማንም እንዳይከፍል ሲስማሙ ግን «ውሳኔ አስተላለፉ» ይባላል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህን ሁለተኛውን ነው።

በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና የክለቦች አመራሮች ቢሾፍቱ ላይ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ከዚያ በፊት ስመ ጥር የሆኑ ተጫዋቾች ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር። ስለዚህ ውሳኔው በወረቀት ላይ የሰፈረ ምኞት ሳይሆን የብዙ ሰው እንጀራ የነካ ነገር ነበር። ውሉ አልቆ በነፃነት ሌላ ክለብ የሚፈልግ ተጫዋች ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር፥ ከባሕር ዳር ወደ ሐዋሳ ቢሄድ የሚጠብቀው ያው አንድ ዋጋ ሆነ። ሰውየው ነፃ ነው፤ ነፃነቱ ግን የሚሸጥበት ገበያ የለውም።

ነገሩ ለባሌ ሰው እንግዳ አይደለም። እኔ ባደግሁበት በአንገቱ ቡና፥ በሮቤ ደግሞ ስንዴ የሚሸጥ ገበሬ፥ ገዥዎች በዋዜማው ተማክረው ዋጋ ቢቆርጡ ምን እንደሚደርስበት ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ቡናውን በአህያ ጭኖ ከአንዱ ነጋዴ ደጅ ወደ ሌላው ቢሄድ መልሱ አንድ ነው። ቡና ግን ጎተራ ገብቶ እስከሚቀጥለው ገበያ ሊቆይ ይችላል፤ የተጫዋች ጉልበት ጎተራ የለውም። በ20ዎቹ ዕድሜ ያልተሸጠ እግር በ35 ዓመት የሚገዛው አይገኝም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት፥ ከጣሊያን ወረራ በኋላም በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአገር ሻምፒዮና ሲደረግ፥ በአገራችን ኳስ መጫወት ሙያ አልነበረም። በዚያ ዘመን ከታወቁት ቡድኖች መቻል የጦር ሠራዊት፥ ኦሜድላ የፖሊስ፥ የድሬዳዋው ጥጥ ደግሞ የፋብሪካ ነበር። ተጫዋቹ በመጀመሪያ ወታደር ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ሲሆን ኳሱ ተከትሎ የመጣ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበረችውን ዓረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው በሉቻኖ ቫሳሎ አምበልነት የተመራው ቡድን የዚህ ዘመን ፍሬ ነው። በእንዲህ ያለ አኳኋን ክለብ መለወጥ ማለት አሠሪ መለወጥ፥ ለወታደሩም ከነጭራሹ ከጦር ሠራዊት መውጣት ማለት ነበር። ስለዚህ «መልቀቂያ» የሚባለው ወረቀት ከመሥሪያ ቤት ወደ ኳስ ሜዳ ተሻግሮ እስከ ዛሬ ስሙን ይዞ ቀርቷል። መልቀቂያ ያልያዘ ሠራተኛ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲሄድ የሚገጥመውን ያየ ሰው የተጫዋቹን ችግር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በእንግሊዝ አገር ይህ ጉዳይ ቀድሞ ተነሥቶ ቀድሞ ተፈትቷል። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1901 የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት 4 ፓውንድ ላይ ተወሰነ፤ ከ50 ዓመት በላይ እየተሻሻለ ቢሄድም በ1950ዎቹ መጨረሻ 20 ፓውንድ ብቻ ነበር። በተጨማሪ ክለቡ ውሉ ያለቀበትን ተጫዋች ምዝገባ ይዞ የማስቀረት ሥልጣን ነበረው። የተጫዋቾች ማኅበር በጂሚ ሂል መሪነት ሥራ እናቆማለን ብሎ ስለ ተነሣ ጣሪያው በጥር 1961 እ.ኤ.አ. ተነሣ። ጆርጅ ኢስተም የተባለው የኒውካስል ተጫዋች ደግሞ ክለቡ አልለቅህም ሲለው መጫወቱን ትቶ ለወራት በሌላ ሥራ ተዳደረ። በመጨረሻ ወደ አርሰናል ቢዛወርም ክሱን አልተወም። በ1963 እ.ኤ.አ. ዳኛ ዊልበርፎርስ ይህ ልማድ የሰውን የመሥራት ነፃነት ያለ አግባብ የሚያግድ ነው ብለው ፈረዱ። ከዚያ 32 ዓመት ቆይቶ የቤልጂጉ ዣን ማርክ ቦስማን ተመሳሳይ ክርክር በአውሮፓ ፍርድ ቤት ረታ፤ በታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. በተሰጠው ፍርድ ውሉ ያለቀ ተጫዋች በአውሮፓ ማኅበር አገሮች መካከል ያለ ክፍያ የመዛወር መብት አገኘ። ቦስማን ራሱ ግን ከድሉ ብዙም አልተጠቀመም፤ ክርክሩ ሲያልቅ የኳስ ዕድሜውም አብሮ አልቆ ነበር።

የክለቦች ምክር ምን ያህል ለማስረዳት አስቸጋሪ እንደሆነ ደግሞ አሜሪካኖች በእጅ ከሚጫወቱት እግር ኳሳቸው እንማራለን። ኮሊን ካፐርኒክ የተባለው ተጫዋች በ2016 እ.ኤ.አ. ፖሊሶች በጥቁሮች ላይ የሚያደርሱትን ግፍ ለመቃወም ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ተንበረከከ። በሚቀጥለው ዓመት ከውሉ ወጥቶ ነፃ ሲሆን ከ32ቱ ቡድኖች አንዱም አልቀጠረውም። እርሱም ባለ ቡድኖቹ አድመውብኛል ብሎ አቤቱታ አቀረበ፤ ጉዳዩ በየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. በስምምነት ስለ ተዘጋ ፍርድ ሳይሰጥበት ቀረ። እርሱ በምሥጢር ተደርጓል ያለውን ምክር ለማሳየት ሲደክም፥ የእኛዎቹ ክለቦች ስምምነት ግን በዚያው ዓመት በአደባባይ ተደርጎ በጋዜጣና በራዲዮ ተነገረ። ምሥጢር ባለመሆኑ ብቻ አድማ አይደለም ሊባል ይችላልን?

እዚህ ላይ የአገራችን ሕግ ይጠየቃል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ተወዳዳሪ ነጋዴዎች ዋጋ ለመወሰን የሚያደርጉትን ስምምነት ከልክሏል። ክለብ ነጋዴ ነውን? ተጫዋች ሲገዛና ሲሸጥ፥ የመግቢያ ትኬት ሲሸጥ፥ ማሊያው ላይ የቢራ ስም ሲያስጽፍ ነጋዴ ይመስላል፤ በጀቱን ከከተማ አስተዳደር ሲጠይቅ ግን የሕዝብ ተቋም ነኝ ይላል። በሌላ በኩል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀትና ከአሠሪ ጋር በኅብረት የመደራደር መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

ለክለቦቹም ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው። ከጥቂቶቹ በቀር ክለቦቻችን የሚተዳደሩት ከከተማ ወይም ከመንግሥት ድርጅት በሚቆረጥ ገንዘብ ነው። ውኃና መንገድ የሚጎድለው ከተማ ለአንድ አጥቂ በየወሩ ከ100,000 ብር በላይ ሲከፍል ነዋሪው ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። ክለቦች እርስ በርሳቸው እየተሻሙ ዋጋውን ማናራቸውም እውነት ነው። ስለዚህ ጣሪያ የሚባለው ነገር በራሱ ክፉ ነው ለማለት አልደፍርም። አሜሪካኖቹም በ1994 እ.ኤ.አ. ጣሪያ አውጥተዋል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ተጫዋቾች በፍርድ ቤት ረትተው፥ በ1993 ከማኅበራቸው ጋር በተደረገ ድርድር ውላቸው ሲያልቅ የመዛወር ነፃነት ከተሰጣቸው በኋላ ነው፤ ያም ጣሪያ የቡድኑ ጠቅላላ ወጪ እንጂ የአንድ ሰው ደመወዝ ልክ አልነበረም። ልዩነቱ የቁጥሩ ሳይሆን በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ነው። በቢሾፍቱ የገዥው ወገን ብቻ ተነጋግሮ ለሻጩ ዋጋ ቆረጠለት።

ውሳኔው እንዴት እንደ ሠራ ማየት ይበቃል። ብዙ ሳይቆይ በውሉ ላይ 50,000 ተጽፎ የቀረው በሌላ መንገድ ይከፈላል የሚል ወሬ በየስታዲየሙ ተሰማ። ይህ እውነት በሆነበት ሁሉ የተጎዳው ተጫዋቹ ነው፤ በእጅ የተሰጠው ገንዘብ ሲቋረጥ በየትኛው ወረቀት ይከሳል? የተጻፈውም ቢሆን በሰዓቱ አይከፈልም ነበር። በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ጅማ አባ ጅፋር ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደመወዝ ስላዘገየ ተጫዋቾቹ ልምምድ አቁመዋል። ይህ የመጀመሪያው ዓይነት አድማ ነው፤ አደሙ የተባሉትም እነርሱ ናቸው።

የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፥ ማለት ፊፋ፥ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ደንብ ሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ከሰጠ በኋላ ውሉን በትክክለኛ ምክንያት ሊያፈርስ እንደሚችል ወስኗል። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን የሚጽፍለት ሰው ላለው ተጫዋች።

በ2012 ዓ.ም. የተቋቋመው የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከዲ.ኤስ.ቲቪ ጋር ለ5 ዓመት የ22.5 ሚሊዮን ዶላር የቴሌቪዥን ውል ሲፈራረም ኳሱ የሚሸጥ ዕቃ መሆኑ በግልጥ ታወቀ። የግለሰቡ ጣሪያም ውሎ አድሮ ተትቶ፥ ለ2017 ዓ.ም. ውድድር ማኅበሩ የእያንዳንዱን ክለብ የተጫዋች ወጪ በጠቅላላው የሚገድብ መመሪያ አወጣ። አሠራሩ ከፊተኛው ይልቅ ወደ አሜሪካኖቹ ይቀርባል፤ አንድ ተጫዋች ከጓደኛው አብልጦ የሚያገኝበት በር ከፍቷል። የማኅበሩ ባለ አክሲዮኖች ግን ራሳቸው ክለቦቹ ናቸው።