በብር ስለ ተለበጠ ዕቃ ታሪክና አያያዝ

ብር ከጥንት ጀምሮ የነገሥታትና የባለጸጎች ማዕድ ጌጥ ነበር፤ ሌላው ሰው ግን በሩቁ ከማየት በቀር በቤቱ አያገኘውም ነበር። ይህ ልማድ መለወጥ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1743 ዓ.ም. ገደማ ነው። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ቶማስ ቦልሶቨር የሚባል ቢላዋ ሠሪ፥ ብርና መዳብ በእሳት ግለው ከተጣበቁ በኋላ እንደ አንድ ማዕድን አብረው እንደሚዘረጉ አስተዋለ። እርሱ የልብስ ቁልፍ ሠራበት፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡት ባለእጆችም መቅረዝና የቡና ማንቆርቆሪያ ሠሩበት።

ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፥ በ1840፥ ጆርጅና ሄንሪ ኤልኪንግተን የሚባሉ የበርሚንግሃም ሰዎች ዕቃን ብር በሟሟበት ውኃ ውስጥ ነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል የመለበጥን ጥበብ በስማቸው አስመዘገቡ። በ1842ም ሻርል ክሪስቶፍል በፈረንሳይ የመሥራቱን መብት ገዛ። ከዚህ ወዲያ በብር የተለበጠ ማንኪያና ትሪ በመካከለኛ ሰው ቤት ሁሉ ገባ።

ነገር ግን ዋጋው የረከሰው ብሩ ስስ ስለ ሆነ ነው፤ ልባጡ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ጥቂት እጅ አያልፍም። ዛሬ ከቀደሙት የሼፊልድ ዕቃዎች በብዙዎቹ ጠርዝ ላይ ቀዩ መዳብ ወጥቶ ይታያል። ይህን ያመጣው የሰነፍ ቸልታ ሳይሆን፥ ዘወትር ሲፈትግ የኖረ የትጉ አገልጋይ እጅ ነው።

ብር የሚጠቁረው በአየርና በምግብ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲዋሐድ ነው፤ የሚያሽ ሰውም ጥቁረቱን ሲያስለቅቅ ብሩን አብሮ ይወስደዋል። እንቁላል ብርን ያጠቁራል፤ ጨውም ይበላዋል። ስለዚህ የቀደሙት ሠሪዎች የእንቁላሉን ማንኪያና የጨው ማኖሪያውን ውስጥ በወርቅ ይለብጡት ነበር።

እንግዲህ ከእናቱ የወረሰውን ትሪ ለልጁ ሊያወርስ የሚወድ ሰው አመድና አሸዋ አያስነካው። ከማዕድ እንደ ተነሣ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይጠበው፤ ወዲያውም በጥጥ ጨርቅ ያድርቀው። ሲያስቀምጠውም ድኝ ያለባቸውን ጎማንና ሱፍን ያርቅለት። የጠቆረ እንደ ሆነ አሉሚኒዩም ባለበት ዕቃ ውስጥ ከፈላ ውኃና ከሶዳ ጋር ለጥቂት ጊዜ ቢያኖረው፥ ድኙ ብሩን ትቶ ወደ አሉሚኒዩሙ ይሄዳልና ብሩ ሳይፋቅ ይነጻል። ዕውቀት የሌለው ትጋት ሊያስጌጥ የወደደውን ያራቁታልና፥ በቀስታ መያዝ ይበልጣል።