በትንሿ ኮምፒዩተር የቀጥታ ሥርጭት ስለሚታይ መዘግየት

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ደረጃውን ወርደውና ወጥተው የቡናውን ማፍያ ባዶ እንዳያገኙት ሲሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በፊቱ ካሜራ ተክለው፣ ወርዱም ቁመቱም 128 ነጥብ የሆነ ግራጫ ምስል ከየወንበራቸው ይመለከቱ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ከዚያው ቤተ ሙከራ ሊቃውንት ሐሳብ የወጣችው ራስቤሪ ፓይ የተባለች ትንሽ ኮምፒዩተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በ35 ዶላር ለገበያ ቀርባ በተከታዩ ዓመት 25 ዶላር የሚያወጣ የራሷን ካሜራ ባገኘች ጊዜ፣ የጥቂት ሊቃውንት ብቻ የነበረው ጥበብ በማንም ተማሪ እጅ ገባ።

ይሁን እንጂ ካሜራውን ሰክቶ ምስሉን በሩቅ ስክሪን የሚመለከት ሰው፣ እጁን ሲያወዛውዝ ምስሉ አንድ ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ ሲከተለው ያያል፤ ብዙዎችም ጥፋቱን በካሜራው ላይ ይጭናሉ፤ ነገር ግን የመዘግየቱ ጥንተ ምክንያት ምስሉን ለመጭመቅ በተመረጠው ሥርዓትና ምስሉ በየመንገዱ በሚጠራቀምበት ማቆያ ዘንድ ይገኛል።

ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ነጥብ የሆነ ምስል በሰከንድ 30 ጊዜ ሳይጨመቅ ቢላክ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 12 ቢት ቢመደብ እንኳ በየሰከንዱ 750 ሚሊዮን ቢት ያህል ስለሚሆን፣ የተለመደው የቤት ዋይፋይ ሊሸከመው አይችልም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው ኤች 264 የተባለው ሥርዓት፣ አንዱን ምስል ምሉዕ አድርጎ ከጻፈ በኋላ በተከታዮቹ ላይ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል፤ ከቃሉ በላይ በተጻፈች አንዲት ሁለት ፊደል ሙሉውን ዜማ ለመሪጌታው የሚያስታውሰው የድጓ ምልክት ይህን አሠራር ይመስላል፤ ዜማውን አስቀድሞ ላልተማረ ሰው ምልክቱ እንደማይረዳው ሁሉ፣ ምሉዑን ምስል ያልተቀበለ ስክሪንም የለውጡን መዝገብ ሊተረጕመው አይቻለውም። እንግዲህ ምሉዕ ምስል የሚላከው በየ60ው ከሆነ፣ ዘግይቶ የገባ ተመልካች እስከ 2 ሰከንድ ድረስ ባዶ ስክሪን ይጠብቃል፤ በመንገድም አንዳች ቢጎድል ጉዳቱ እስከ ቀጣዩ ምሉዕ ምስል ይቆያል።

ከዚህ የሚከፋው ማቆያው ነው። መረጃን በመረብ ከሚያደርሱት ሥርዓቶች፣ ቲሲፒ የተባለው የጠፋው እንደገና እስኪላክ ተከታዩን ሁሉ ያስቆማል፤ ዩዲፒ የተባለው የጠፋውን ትቶ ያልፋል፤ የሚያጫውተው ፕሮግራምም መቆራረጥን ፈርቶ የብዙ ሰከንድ ምስል ያከማቻል። የወፍ ጎጆ ለሚመለከት ሰው ይህ ጥንቃቄ መልካም ነው፤ በካሜራው እያየ ሮቦት ለሚነዳ ግን ያለፈ ምስል ከግድግዳ ጋር ያላትምበታልና፣ ሥርጭቱን በዩዲፒ አድርጎ፣ ማቆያውን አሳጥሮ፣ ምስሉንም ወደ 1280 በ720 ቢያሳንስ ከጥራቱ ይልቅ ፍጥነቱ ይበጀዋል ብዬ አምናለሁ፤ ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣችው አምስተኛይቱ ራስቤሪ ፓይ በኤች 264 የሚጨምቅ የተለየ ክፍል ስለሌላት፣ ሸክሙ ሁሉ በዋናው ማቀናበሪያ ላይ ይወድቃል።